የጉብታ ሽኝት

አባባ ዘንድሮ አልተዝናናም ተብሎ ማስጠንቀቂያ ሲመጣለት እኔ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። ግድግዳችን በቀይ ጻፈ፦ «አቶ ደርበው ተሰማ፣ ዕድሜ ሰባ ዘጠኝ። የዓመቱን የሽርሽር ቀን አልተጠቀሙም። እስከ ሰኔ ሠላሳ ካልተዝናኑ እርምጃ ይወሰዳል።»

«እርምጃው ምንድን ነው?» አለኝ አባባ፣ ግድግዳውን በጎን እያየ።

«መጥተው ያዝናኑሃል።»

አምና የእትዬ ስንታየሁን ባል መጥተው አዝናንተውት ሁለት ሳምንት እንደተኛ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው ብቻውን መዝናናት አይፈቀድለትም፤ አጃቢ ያስፈልገዋል። አጃቢዋ እኔ ነኝ። ስሜ ትንግርት ነው፣ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው፣ አባባ አያቴ ነው፣ ቤታችን ውስጥ ከሁለታችን ሌላ ሰው የለም። ትምህርት ከስድስተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት። ያን ዓመት ትምህርት ቤቱ ፈርሶ መነጽር ሆነ፤ መነጽሩን ሳጠልቀው ደግሞ ያስመልሰኛል። ስለዚህ ሁሌም ጊዜ አለኝ።

ግድግዳው የመዝናኛ ቦታዎችን ዘረዘረ። አባባ ሳያወላውል ጣቱን አንዱ ላይ አሳረፈ፦ ጉብታ ደሴት፣ የአንድ ቀን ጉብኝት።

«ጉብታ? ምን አለ እዚያ?»

«ሸዋቀና አለ» አለ።

ጉብታ ከመስኮታችን ይታያል። ሐይቁ ሐይቅ ከመሆኑ በፊት ተራራ ነበር አሉ፤ ግድቡ ሲሞላ አናቱ ብቻ ተረፈ። ወደዚያ የሚወስደው የድንጋይ መንገድ ውኃው ሲወርድ ይገለጣል፣ ውኃው ሲመለስ ይሸፈናል። ውኃው መቼ እንደሚወርድ ለማወቅ ደግሞ ሰዓት ማየት አያስፈልግም፤ ከተማው መቼ እንደሚበላ ማወቅ ይበቃል። ሰዉ ሁሉ ምድጃ ሲለኩስ መብራት ለማመንጨት ግድቡ ይከፈታል፣ ሐይቁ ይጎድላል። ምድጃው ሲጠፋ ውኃው ወደ ላይ ይገፋል፣ ሐይቁ ይሞላል። ቁርስ ላይ አንድ ጊዜ፣ ምሳ ላይ አንድ ጊዜ፣ እራት ላይ አንድ ጊዜ። ጾም ሲገባ ቁርስ ላይ አይወርድም።

እሑድ እራት በጊዜ ነው የሚሠራው። አሥር ሰዓት ላይ መንገዱ ይወጣል፣ ከአሥራ አንድ በፊት ይሰምጣል። ምክንያቱም አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቆጠራ አለ፤ ሰው ሁሉ በልቶ፣ እጁን ታጥቦ፣ ቤቱ ቁጭ ብሎ መቆጠር አለበት። እሑድ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የተገኘህበት ቦታ ሰፈርህ ነው። ይግባኝ የለውም። እትዬ ስንታየሁ አንዴ ታክሲ ውስጥ ተቆጥራ እስከ ዛሬ አድራሻዋ የታክሲው ታርጋ ነው። ታክሲው ሲሸጥ ስልክ ደውለው አዲሱን ባለቤት አስተዋወቋት።

አባባ ቆጠራ አይፈራም። የሚፈራው አንድ ነገር ነው፤ ከእድሩ መሰረዝ።

የሐይቅ ዳር እድር ድሮ ሠላሳ ቤት ነበር። ከዚያ ሌላ እድር ዋጠ፣ ያም ሌላ ዋጠ፤ አሁን ዘጠና ሺህ ቤት ነው። ተራ አባል ሲሞት ጎረቤቱ አርባ ቤት አንድ አንድ ድስት ንፍሮ ይጥዳል። መሥራች ሲሞት ግን ዘጠናውም ሺህ ቤት ይጥዳል። ከመሥራቾቹ በሕይወት ያሉት ሦስት ናቸው። አንዱ አባባ ነው። ያንን ንፍሮ ሌላው ሰው ሠርግ እንደሚጠብቀው ነው የሚጠብቀው። ችግሩ፣ ሰፈር የቀየረ አባል በዚያው ምሽት ይሰረዛል፤ መሥራችም ቢሆን፣ ሃምሳ ዓመት ሬሳ ቢሸከምም። ጋሽ ሸዋቀና እንደዚያ ነው የተሰረዘው። እሱም መሥራች ነበር፣ የአባባም የልብ ወዳጅ። የዛሬ ስምንት ዓመት ጉብታ ላይ የሰው ጣራ ሊጠግን መሰላል ተሸክሞ ሄደ። ምሳ ብላ ተባለ። በላ። ቀረ።

እሑድ ጠዋት፣ የቁርስ ውኃ እንደወረደ ተሻገርን። መንገዱ አንድ ሰው ብቻ የሚያሳልፍ ነው፤ ግራና ቀኙ ጭቃ፣ ጭቃው ላይ የጠፉ ጫማዎች። ጫፉ ላይ የብረት በር አለ፤ በሩ ይናገራል።

«እንኳን ደህና መጡ። እየተዝናኑ ነው?»

«ገና አሁን መድረሴ ነው» አለ አባባ።

«እባክዎ ፈገግ ይበሉ።»

አባባ ጥርሱን አሳየ። በሩ ትንሽ አሰበና ከፈተ።

ጋሽ ሸዋቀና በሩ ጀርባ ቆሞ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ኮቱ ትከሻው ላይ እንደተሰቀለ። ስምንት ዓመት ያልተያዩ ሰዎች ያለቅሳሉ ብዬ መሐረብ ይዤ ነበር።

«ፀጉርህ የት ሄደ?» አለው ጋሽ ሸዋቀና።

«ጥርስህን ፍለጋ» አለ አባባ።

ከዚያ ተቃቀፉ፤ በቀኝ፣ በግራ፣ እንደገና በቀኝ። ቁጥሩ ሲጠፋኝ ተውኩት።

ጉብታ ላይ አርባ ሦስት ሰው ይኖራል። አንድም እዚያ የተወለደ የለም። አንድም እዚያ ልኑር ብሎ የመጣ የለም። ሁሉም ለአንድ ቀን የመጣ ነው። አንዷ ሴትዮ ለልደት መጥታ ነው፤ ኬኩን ያመጣችበትን ካርቶን አሁንም አልጣለችውም። አንዱ ሰውዬ ሌላ የቀረ ሰው ሊወስድ መጥቶ ነው። ወደ ከተማ ለመመለስ ማመልከት ይቻላል፤ ጋሽ ሸዋቀና በተራው አራት ሺህ ሁለተኛ ነው።

«አርባ ሦስት ሰው ሆናችሁ እንዴት አራት ሺህ ሰው ቀደመዎት?» አልኩት።

«እኔም ጠይቄ ነበር» አለ። «ጥያቄዬ ሌላ ማመልከቻ ነው ብለው ወደ ኋላ መለሱኝ።»

ቤቱ ደጃፍ ላይ መሰላሉ ተደግፎ ቆሟል፤ በየእርከኑ ላይ ዓሣ እንዲደርቅ ተሰጥቷል። አባባ አይቶት ራሱን ነቀነቀ። «የኃይለመለኮትን መሰላል የዓሣ መስቀያ አደረግከው?» አለ። ጋሽ ሸዋቀና «እሱ ይጠይቃል እንዴ እስካሁን?» አለ። አባባ «ስምንት ዓመት እኔን ነው የሚጠይቀኝ! ስትዋስ አብሬህ ነበርኩ!» አለው።

ዓሣ በላን። ዓሣው ከመሰላሉ አራተኛ እርከን ነው የወረደው፤ ጣፋጭ ነበር። ሁለቱ ስለማላውቃቸው ሰዎች አወሩ፤ አብዛኞቹ ሞተዋል፤ ለእያንዳንዱ ስንት ድንኳን እንደተተከለ አባባ በጣቱ ቆጠረለት። ጋሽ ሸዋቀና እየሰማ ሳህኑን በዳቦ ይጠርጋል። ሳህኑ ከጠራ ቆይቷል።

«ጋሽዬ፣ እዚህስ ሰው ሲሞት?» አልኩ። አባባ በክርኑ ጎሸመኝ።

«ተዋት፣ ትጠይቅ» አለ ጋሽ ሸዋቀና። «ጀልባ ትመጣለች። ሰው የላትም፣ በራሷ ነው የምትመጣው። ሬሳውን ታስገቢያለሽ፣ ትሄዳለች።»

«ወዴት?»

«እሱን ነግራን አታውቅም።»

አባባ ከዚያ በኋላ ዓሣ አልበላም።

አሥር ሰዓት ሲሆን ከተማው ምድጃውን ለኮሰ፤ መንገዱ ጀርባውን አወጣ። ተነሣን። እንሂድ አልኩ። እንሂድ አለ አባባ። ጋሽ ሸዋቀና ኮቱን አስተካከለና «በሩ ድረስ ልሸኛችሁ» አለ።

ከቤቱ እስከ በሩ አራት መቶ እርምጃ ነው። ቆጥሬዋለሁ፤ ብዙ ጊዜ ነበረኝ።

በሩ ጋ ደረስን። «ሊወጡ ነው?» አለ በሩ። ጋሽ ሸዋቀና ነዋሪ ስለሆነ ከዚያ አያልፍም። ተቃቀፉ። አባባ አንድ እግሩን አሻገረ፣ ዘወር ብሎ አየ። ጋሽ ሸዋቀና ብቻውን ወደ ላይ ሊወጣ ዞሯል። ጀርባው እኔንም አላማረኝም።

«አይ፣ ብቻህን አትሄድም» አለ አባባ። «ግማሽ መንገድ ልመልስህ።»

«ሊመለሱ ነው?» አለ በሩ።

ግማሽ መንገድ የሚባል ነገር የለም። ቤቱ ደጃፍ ደረስን። ጋሽ ሸዋቀና ደግሞ እንግዳ ከደጁ ብቻውን አያሰናብትም። «በሞቴ፣ ሽማግሌና ልጅ ብቻችሁን! ልሸኛችሁ።» ወረድን። በሩ «ሊወጡ ነው?» አለ። ተቃቀፉ። አባባ «ጉልበትህ አያስተማምንም፣ በዚህ አቀበት» አለ። ወጣን። በሩ «ሊመለሱ ነው?» አለ፤ ድምፁ ላይ መሰልቸት ሰማሁ፣ ወይም ሰልችቶኝ ነው።

«አባባ፣ ሰዓቱ!»

«ዝም በይ፣ ባለጌ ነው የምንባለው።»

«ባለጌ እንባል! እዚያ ማዶ ሆነን እንባል!»

ሦስተኛው ላይ እኔ በሩ ጋ ቀረሁ፤ አንድ ሰው ከቀረ ያፍራሉ ብዬ። አላፈሩም። አራተኛው ላይ ጋሽ ሸዋቀና «እኔ እዚሁ ግማሹ ላይ ልቁም፣ አንተም ከግማሹ ሂድ» አለ፤ ግን ግማሹ የት እንደሆነ አልተስማሙም። የካርቶኗ ሴትዮ መስኮቷን ከፍታ ታየናለች። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋለች። እሷ የተሸኘችበትን ቀን እያስታወሰች ይሆናል።

ወደ በሩ ሲመለሱ በሩ ምንም አልጠየቀም። መንገዱ አልነበረም። ውኃው ልክ ምንም እንዳልሠራ ተኝቷል። አሥራ አንድ ሊሆን አምስት ደቂቃ።

አባባ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገው። ጋሽ ሸዋቀና አጠገቡ ተቀመጠ።

«እኔም በዚሁ ነው የቀረሁት» አለ ቀስ ብሎ። «በሽኝት።»

«ምሳ ነው አላሉም እንዴ?» አልኩ።

«ምሳውማ በጊዜ ነው ያለቀው።»

አባባ ማዶውን ያያል። የእድሩ ድንኳን መጋዘን ጣራ ከዚህ ይታያል፤ ከጠዋት ጀምሮ ሲያየው ነበር፣ አሁን ነው የገባኝ። «ሃምሳ ዓመት» አለ። ተቆጥቶ ቢሆን፣ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

አንድ ሰዓት አለን። ውኃው የሚወርደው ከተማው ምድጃ ሲለኩስ ነው። ከተማው በልቷል፣ እጁን ታጥቧል። ዘጠና ሺህ ቤት እሑድ በዚህ ሰዓት ድስት የሚጥደው ለምን ብሎ ነው?

ስልኬን አወጣሁ።

የእድሩ ጡሩንባ ድሮ ሰው ነበር አሉ፣ በየሰፈሩ እየዞረ የሚነፋ። አሁን ድምፅ ነው።

«የሐይቅ ዳር እድር። ለመርዶ አንድ ይበሉ።»

«አንድ።»

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለ አባባ።

«የሟች ስም?»

«ደርበው ተሰማ።»

የአባባ ባርኔጣ ወደቀ። «አንቺ! ቆሜ?»

«ተቀምጠህ ነው።»

«ሟች መሥራች ናቸው?» አለ ድምፁ።

«መሥራች ናቸው።»

«ነፍስ ይማር። ለማረጋገጥ የሟችን አውራ ጣት ስልኩ ላይ ያስነኩ።»

እጄን ዘረጋሁ። አባባ እጁን ከኋላው ደበቀ። «ውሸት ነው። በራሴ ሞት አልዋሽም።»

«አባባ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እዚህ ከተቆጠርክ ጀልባዋ ናት የምትወስድህ። እኔ እዚህ በሩ ጋ ቆሜ ወዴት ናት ብዬ ስጠይቅ አትነግረኝም። አንድ ሰው እንኳ ከኋላህ አይሄድም። ይኼንን ነው የምትፈልገው?»

ጋሽ ሸዋቀና ጎንበስ ብሎ ባርኔጣውን አነሣለት፣ አቧራውን አራገፈ። «ሙትላት፣ ደርበው» አለ። «ልጅቷ ልክ ናት።»

አባባ አውራ ጣቱን ኮቱ ላይ ጠርጎ አስነካ።

«እናመሰግናለን» አለ ድምፁ። «ያጽናዎት።»

መጀመሪያ ምንም አልሆነም። ከዚያ ከማዶ ጡሩንባው ተነፋ፤ ከአንድ ድምፅ ማጉያ፣ ከመቶ፣ ከሁሉም። አባባ ቀጥ ብሎ ቆመ። ስሙ በውኃው ላይ መጣ። መስኮቶች አንድ በአንድ ፈኩ፣ ዘጠና ሺህ ድስት ተጣደ፣ ባቄላና ስንዴ በአንድ ላይ መፍላት ጀመረ። ጭቃው ጭቃ ሸተተ። በመጀመሪያ አንድ የጠፋ ጫማ ብቅ አለ። ከዚያ ሌላው። ከዚያ መንገዱ።

«እንሂድ!» አልኩ። ተቃቀፉ። «ሊወጡ ነው?» አለ በሩ። አባባ አንድ እግሩን አሻገረና ዘወር አለ።

«ሸዋቀና ግን ብቻውን…»

«አባባ፣ ሟች አይሸኝም!»

ጋሽ ሸዋቀና ሲስቅ ሰማሁት። እየሳቀ ጀርባውን ሰጠን፣ እንዳናየው ነው። እኛም ሳንዞር ሄድን፤ ውኃው ቁርጭምጭሚታችን ድረስ ነበር።

ሰፈር ስንደርስ አሥራ ሁለት ሊሆን አሥር ደቂቃ ይቀረዋል። መንገዱ በሙሉ ድንኳን ነው። አልሞተም ብዬ ልናገር ነበር፣ ግን አባባ ቀድሞኝ አንዱ ድንኳን ገባና አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ማንም ልብ አላለውም፤ ለቀስተኛ ሁሉ አንገቱን ደፍቷል። አንዷ ንፍሮ ዘገነችለት። ቆረጠመ። አጠገቡ ያለው ሰውዬ «እንደሱ ያለ ሰው አይገኝም» አለ። አባባ «እውነት ነው» አለ። ሌላዋ «ቀብር ቀርቶ አያውቅም፣ በዝናቡም በፀሐዩም» አለች። አባባ ዓይኑን ጠረገ። ቆጠራው በዚህ መሃል አለፈ፤ በራሪው ቆጣሪ ከድንኳኑ ጣራ በላይ ጢዝ ብሎ ሄደ። አባባ ሰፈሩ ላይ ተቆጠረ፤ በራሱ ለቅሶ ላይ ቁጭ ብሎ፣ አፉ ሙሉ።

እስከ ማለዳ ማንም ሳያውቅ ይቀጥል ነበር። ግን አቶ ኃይለመለኮት ተነሡ። «ሙት ወቃሽ አትበሉኝ» አሉ፣ «ደግ ሰው ነበር። መሰላሌን ግን ሳይመልስ ሞተ።»

«አልወሰድኩም!» ብሎ አባባ ተነሣ። «ሸዋቀና ነው የወሰደው! ጉብታ ላይ ዓሣ ተሰጥቶበታል፣ ዛሬ በዓይኔ ነው ያየሁት!»

ሁለት ሴቶች ወደቁ። አንድ ሰውዬ የድንኳኑን ጀርባ ቀዶ ወጣ።

ማክሰኞ እድሩ ተሰበሰበ። ዳኛዋ እትዬ አልጋነሽ ናት፤ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አታውቅም፣ አያስፈልጋትም። አባባን ከእግር እስከ ራሱ አየችው።

«ደኅና ነህ?»

«ደኅና ነኝ፣ እግዜር ይመስገን።»

«ደኅና መሆንህ ለኛ አይጠቅምም። ንፍሮ ከተቀቀለ መርዶ አይሰረዝም። ዘጠና ሺህ ቤት አልቅሶልሃል። ለአንድ አባል አንዴ ነው የሚለቀስለት።»

ከመሰረዝ አዳንኩት ብዬ ራሴ ጨረስኩት። እድሩ እንዳያጣው ብዬ እድሩን አስበላሁት።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩ። «መርዶውን ያስነገርኩት እኔ ነኝ።»

«እናውቃለን። የመሥራች ቦታ ባዶ አይቀመጥም፣ ወራሹ ይተካል። ወራሹ ማን ነው?»

አባባ በአገጩ ወደኔ ጠቆመ።

እንዲህ ነው በአሥራ ስድስት ዓመቴ የሐይቅ ዳር እድር መሥራች የሆንኩት። ስሞት ዘጠና ሺህ ድስት ይጣድልኛል። እስከዚያ ድንኳን እሸከማለሁ፣ አግዳሚ እደረድራለሁ፣ ቀብር መቅረት አይቻልም። ቅጹን እዚያው ከእድሩ ድምፅ ጋር በስልኬ ሞላሁ። «በአባሉ ሥር ያሉ ቤተሰቦች» የሚል መስመር አለ።

«አያት፣ ደርበው ተሰማ» አልኩ።

ድምፁ «ተመዝግቧል። ሌላ ቤተሰብ አለ?» አለ።

እትዬ አልጋነሽ ወረቀት ታገላብጣለች። «ቤተሰብ የግድ እዚህ ሰፈር መኖር አለበት እንዴ?» አልኳት። ቀና አላለችም። «አባሉ ነው እንጂ ቤተሰቡ የትም ይኑር» አለች።

«አያት፣ ሸዋቀና በላቸው» አልኩ።

«የሁለተኛው አያት ዝምድና በምን በኩል ነው?»

አሰብኩ። «አራት ጊዜ ሸኝቶናል።»

እትዬ አልጋነሽ ወረቀት ማገላበጥ ተወች። «ተመዝግቧል» አለ ድምፁ።

ቤት ገብቼ ለጋሽ ሸዋቀና ደወልኩለት። ነገርኩት። ከጀርባው ውኃው ይሰማል።

«ስንት ድስት?» አለ።

«ለቤተሰብ አርባ ነው። ጋሽዬ፣ በአርባ ድስት ግን መንገዱ አይወጣም። የምትመጣው ያቺው ጀልባ ናት።»

«ትምጣ» አለ። «ከማዶ ቆሞ ወዴት ናት ብሎ የሚጠይቃት ሰው ካለ ይበቃኛል።»

«እኔ እጠይቃታለሁ። መልስ እስክትሰጥ አለቃትም።»

«አንቺስ አትለቂያትም።» ትንሽ ሳቀ። «በይ፣ ደርበውን አገናኚኝ፣ ልሰናበተው።»

ስልኩን ለአባባ ሰጠሁት። የላይኛው ሰፈር ሰው ሞቶ ነበር፣ የመጀመሪያ ተራዬ ነው፤ ጫማዬን አሰርኩ። «በል፣ ደኅና ሁን» ይላል አባባ። «በል ዝጋው። አይደረግም፣ አንተ ዝጋው። እንዴት እኔ እዘጋብሃለሁ?»

ሄጄ ሁለት ድንኳን ተከልኩ፣ ሠላሳ አግዳሚ ደረደርኩ፣ ንፍሮ በላሁ። ተመልሼ ስገባ ገና አልተዘጋም ነበር።